አክስት ሚኒን ገመድ አይነካትም

የከተማችን ጋዜጣ ስለ ወይዘሮ ቨርና ሆስቴትለር ዕረፍት ባወጣው አጭር ዜና ውስጥ ሦስት ስህተቶች አሉ። አንደኛ፣ የማኅበራችንን የእሳት አደጋ መኪና «አርባ ዓመት ነዱ» ይላል፤ የነዱት ሠላሳ ሁለት ዓመት ነው። ሁለተኛ፣ መኪናዋ በእሳቸው እጅ «መንገድ ላይ ቆማ አታውቅም» ይላል፤ ቆማለች፣ ያውም ከተማው ሁሉ እያየ። ሦስተኛ፣ «ልጅ አልነበራቸውም» ይላል። ሁለቱን በአንድ መስመር ማረም ይቻላል፤ ለጋዜጣውም ልኬያለሁ። ሦስተኛው ግን በአንድ መስመር የሚታረም አይደለም።

እኔ የኮሌጁ መዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ የኖርኩት በማኅበሩ ቤት ነው፤ ማኅበሩ የኮሌጁ ወንድ ተማሪዎች በአንድ ቤት የሚኖሩበትና እርስ በርስ «ወንድም» የሚባባሉበት ነው፤ ዛሬም የማኅበሩ ጸሐፊ ነኝ። እዚህ የጻፍኩት በዓይኔ ያየሁትን፣ ወይም እማማ ቨርና ማዕድ ቤት ተቀምጠን በአፋቸው የነገሩኝን ብቻ ነው። ስለ እሳቸው የሚወራው ብዙ ነው፤ አንዳንዱም ደስ ይላል። ያላረጋገጥኩትን ግን ትቼዋለሁ። እሳቸውም ቢሆኑ «ያላየኸውን አትጨምር» ነበር የሚሉኝ።

የተወለዱት ከከተማችን ከኦልድፊልድ ወጣ ብሎ ባለ የበቆሎ እርሻ ላይ በ1935 ነው። ያገቡት ኤሜት የሚባል የወተት መኪና ሾፌር ሲሆን፣ እሳቸው የከተማው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ይሠሩ ነበር። በ1977 ክረምት ኤሜት ወተት ጭኖ ሲመለስ መኪናውን ድልድዩ ላይ በረዶ አንሸራተተው፤ ኤሜትም ሞተ። ከዚያ ቀን ወዲህ እማማ ቨርና መሪ አልጨበጡም። የራሳቸውን መኪና ለእህታቸው ሰጡ። ገበያም ቤተ ክርስቲያንም በእግራቸው ሆነ።

በተከታዩ ዓመት መስከረም ላይ የማኅበራችን የቤት እናት ሆነው ተቀጠሩ። ሠላሳ አራት ጎረምሶች የሚኖሩበትን ቤት ማስተዳደር ማለት ነው፤ ምድር ቤት ባለው ክፍል ይኖራሉ፣ ምግቡን ይቆጣጠራሉ፣ እንግዳ ይቀበላሉ፣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ገበታ የቀረበውን ይገሥጻሉ። ሁሉንም በደንብ ሠሩት። እኛን ግን አልቀረቡንም። እራት ሲያልቅ ክፍላቸው ይገባሉ፤ በሩ ይዘጋል። ከበሩ ሥር የሚታየው መብራትም ወዲያው ይጠፋል።

አክስት ሚኒ የምንላት የእሳት አደጋ መኪናችን በ1931 የተሠራች ናት። ከተማው አርጅታለች ብሎ ሲጥላት የያኔዎቹ ወንድሞች ወሰዷት። ቀይ ናት፤ ጎኗ ላይ መሰላል፣ ፊቷ ላይ የነሐስ ደወል አላት፤ የምትነሳው ከፊቷ በእጅ በሚዞር ብረት፣ በማኖቬላ ነው። አንድ ወንድም ሲያገባ ሙሽራይቱ ከፊት ትቀመጣለች፣ ሙሽራው ከኋላ መወጣጫው ላይ ቆሞ ይንጠለጠላል። አንድ ወንድም ሲሞት ሬሳው የውኃ ቱቦ ይጠቀለልበት በነበረው ጀርባዋ ላይ ሆኖ ይሄዳል። በመጸው የቀድሞ ተማሪዎች በዓል ሲደርስ አዳዲሶቹ አባላት ነሐሷን በሙሉ ይወለውላሉ፤ ፊትህ ካልታየህ አልጸዳም ይባላል።

ከሁሉ በላይ ያለው ሕግ ግን አንድ ነው፤ ገመድ አይነካትም። የትም ብትቆም፣ አጠገቧ ያለ ወንድም ሁሉ ገፍቶ ቤቷ ያስገባታል እንጂ በሌላ መኪና አትጎተትም። መሪ የሚይዝ ስለሚያስፈልግም ካሉት ሰዎች ቀላሉ ይቀመጥባታል። የተቀመጠ ሰው ቤት ሳይደርስ አይወርድም። ይህን መጀመሪያ ማን እንዳለው ፈልጌ አላገኘሁም፤ የተጻፈ ነገር የለም።

በ1979 መጸው አክስት ሚኒ ከኮሌጁ ዳገት ሥር ቆመች። ሁልጊዜ መሪ የሚይዝልን ዌንደል የሚባል ቀጭን ልጅ ነበር፤ ያን ቀን ኢንፍሉዌንዛ ይዞት ተኝቷል። ማን ይቀመጥ እያልን ስንጨቃጨቅ እማማ ቨርና ጎመንና ድንች የያዘ ከረጢት አቅፈው ከገበያ መጡ። ሬይበርን አክሊ የሚባል የክፍል ጓደኛዬ አያቸው። ሬይበርን አፉ ከሐሳቡ የሚቀድም ልጅ ነበር።

«እማማ ቨርና! ኪሎዎት ስንት ነው?»

«ምን አልክ አንተ?»

«ለክፋት አይደለም! ዌንደል ታሟል። ከዚህ ሁሉ ሰው እርስዎ ይቀላሉ። ይውጡና መሪውን ይያዙልን።»

«እኔ መኪና አልነዳም።»

«ማን ንዱ አለዎት? የምንገፋው እኛ ነን። እርስዎ ቁጭ ብለው ቀጥ አድርጎ መያዝ ብቻ።»

መሪውን ትክ ብለው አዩት። ባላቸው እንደሞተ እናውቃለን፤ መሪ እንደማይጨብጡ ግን አናውቅም ነበር። ሬይበርን ቢያውቅ ኖሮ አፉን ይይዝ ነበር ብዬ አምናለሁ። በመጨረሻ ከረጢቱን ለእኔ አቀበሉኝና ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወጡ።

«ፍሬኑ የቱ ነው?»

«በቀኝ እግርዎ በኩል። እንደሚይዝ ግን አልምልልዎትም።»

«ጥሩ ቦታ ነው ያስቀመጥከኝ!»

ገፋን። እኔ ከኋላ ስለነበርኩ ፊታቸውን አላየሁም። ግቢ ከገባን በኋላ ግን ብዙ ቆይተው ነው የወረዱት። ሲወርዱ ያሉት ይህን ብቻ ነው፤ «የፊት ግራ ጎማዋ እየጮኸች ነው። ነገ ግራሶ ይግባላት።» ከዚያ ምሽት ጀምሮ ከእራት በኋላ የክፍላቸው በር አልተዘጋም። መጀመሪያ ዌንደል ሾርባ ሊጠይቅ ገባ፤ ቀጥሎ ፍቅረኛው የተወችው ገባ፤ ቀጥሎ ለእናቱ ምን ብሎ ስልክ እንደሚደውል የጨነቀው ገባ። እኔም ገብቻለሁ።

በ1986 ኢንሹራንሱ ዕድሜው ከሃያ አምስት በታች የሆነ ሰው መኪናዋን እንዳይነዳ ከለከለ። የቤቱ ተማሪዎች ተሰብስበው «ከእኛ መሃል ሃያ አምስት የሞላው ማን ነው?» ሲባባሉ ሁሉም ወደ ማዕድ ቤቱ በር ዞረ። እማማ ቨርና ሳህን እያደረቁ ነበር።

«ምን ታፈጣላችሁ?»

አክስት ሚኒን መንዳት የተማሩት ከከተማው ውጭ ባለው የከብት ትርኢት ሜዳ ላይ ነው። ማርሽ ሲያስገቡ የሚሰማው ጩኸት ላሞቹን አስደነበረ ይባላል፤ ላሞቹን አላየሁም፣ ጩኸቱን ግን ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ የሁላችንንም ሙሽሮች የነዱት እሳቸው ናቸው። የኔንም። ለእያንዳንዷ ሙሽራ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «ቀሚስሽን ሰብስቢ ልጄ፤ እሷ ቅባት መቀባት ትወዳለች።»

ከመንገዱ ማዶ ዝቅ ብሎ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ያለው ማኅበር፣ «ማዶኞቹ» የምንላቸው፣ በየዓመቱ መጸው ላይ ደወሏን ይሰርቃል። ይህም ወግ ነው፤ የሚመልሱት እማማ ቨርና የጋገሩት የዱባ ፓይ ሲሰጣቸው ነው። ከጊዜ በኋላ እማማ ቨርና ደወሉ ሳይሰረቅ ፓዩን አስቀድመው መጋገር ጀመሩ። «ሌቦቼ ዘንድሮ ዘገዩ» ይሉ ነበር በመስኮት እያዩ።

አሁን ወደ 2012 እመጣለሁ። ሬይበርን ኮሎምበስ ውስጥ ጠበቃ ሆኗል፤ የቀድሞ አባላት ቦርድ ሰብሳቢም እሱ ነው። በዚያ ዓመት ጸደይ ላይ አክስት ሚኒን በአጎራባች ግዛት ላለ ሙዚየም እንስጥ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ የጥላቻ አልነበረም፤ እንዲህ ብሎ የተናገረውን በቃል አስታውሰዋለሁ፤

«እኛ ገፋናት። የዛሬ ልጆች ብትቆምባቸው ስልክ አውጥተው ጎታች መኪና ነው የሚጠሩት። ልባቸው ከእሷ ጋር አይደለም። ጓሮ ስትዝግ ከማይ የሚጠነቀቅላት ቤት ብትገባ እመርጣለሁ።»

እማማ ቨርና ቡና እየቀዱ ነበር። «ጠይቀሃቸዋል?» አሉት።

«ማንን?»

«ልጆቹን።»

«መጠየቅ አያስፈልግም እማማ ቨርና፤ ይታያል እኮ።»

ድምፅ የሚሰጠው በመጸው፣ በበዓሉ ቅዳሜ ማታ እንዲሆን ተወሰነ። ከሰባቱ የቦርድ አባላት አራቱ ከሬይበርን ጋር መሆናቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። እማማ ቨርና ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነው። አክስት ሚኒ ከሄደች ቤቱን እንደሚለቁ ለእኔ ብቻ ነገሩኝ። «ለኩርፊያ አይደለም» አሉኝ። «እኔን እዚህ ቤት ያስገባችኝ እሷ ናት። እሷ በሌለችበት በሬን ለማን ነው የምከፍተው?» ለልጆቹ እንዳልነግር አስማሉኝ፤ አልተናገርኩም።

በዓሉ ደረሰ። በዚያ ዓመት ከገቡት አንዱ ቶቢን ራችካ የሚባል የክሊቭላንድ ልጅ ነበር። ነሐስ መወልወሉን እንደ ፈተና ነው የያዘው። ሌሎቹ ደወሉንና መብራቶቹን ጨርሰው ሲገቡ እሱ መኪናዋ ሥር ተኝቶ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አክስት ሚኒ በመጀመሪያው ማኖቬላ ተነሳች። እማማ ቨርና ሰማያዊ ካፖርታቸውን ለብሰው ነዱ። ከኮሌጁ ባንድ ቀጥሎ ዋናውን መንገድ አለፍን፤ ሰው አጨበጨበ፤ ደወሉ ተደወለ። ዳገቱ ሥር ስንደርስ አንዴ አስነጠሰች፣ አንዴ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች። በ1979 የቆመችበት ቦታ ነው የሚሉ አሉ፤ ልክ አይደለም። ያኛው ከመታጠፊያው ወዲያ ነበር።

ልጆቹ ኮፈኑን ከፈቱ። ቤንዚኑን በዘንግ ለኩት፤ ሙሉ ነው። ካንዴላዎቹን አወጡ፤ ደህና ናቸው። ማኖቬላውን ተራ በተራ አዞሩ፤ ምንም። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ጥሩምባውን መንፋት ጀመረ። ይሄኔ አንዱ ልጅ ከኪሱ ስልክ አወጣ።

ሬይበርን የእግረኛ መንገዱ ላይ ነበር። ዞር ብሎ አየኝ። ልጁን በአገጩ ጠቆመኝ።

«ሃሎ?» አለ ልጁ። «የት ናችሁ? ቆማለች! ቆማለች ስልህ! ያለውን ሰው ሁሉ ይዘህ ና። የተኛውንም ቀስቅሰው። ጫማ ምን ያደርጋል፣ ሮጠህ ና!»

ሬይበርን ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሳ።

ግን ጎታች መኪናም መጣ፤ መንገዱ ስለተዘጋ ፖሊስ ጠርቶት ነው። ሾፌሩ ወርዶ ገመዱን መፍታት ሲጀምር ቶቢን ከፊት መከላከያዋ ፊት ቆመ። እጁ እስካሁን በነሐስ መወልወያ ጥቁር ነበር።

«ገመድ አይነካትም» አለ።

«ስማ ጎረምሳው፣ ከተማውን ዘግታችኋል።»

«አውቃለሁ። ገመድ ግን አይነካትም።»

«ታዲያ በምን ልትወስዷት ነው? በጸሎት?»

«በእጃችን።»

ሬይበርን ሄዶ ወንበሩ አጠገብ ቆመ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር የተናገረው፤ እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ ሰማሁ። «እማማ ቨርና፣ ይውረዱ እስቲ። ብርድ ነው። ዳገቱ ላይ ቢያመልጣቸው ፍሬኗን ያውቁታል። ካልሆነ አንዱ ልጅ ይቀመጥ።»

«ማን ነው እዚህ ያስቀመጠኝ?»

«እኔ ነኝ። ያኔ ከሁላችንም ስለሚቀሉ ነው።»

«አሁንም እቀላለሁ። እንዲያውም ቀንሻለሁ። የከበድከው አንተ ነህ።»

አጠገቡ የነበሩት ልጆች ሊስቁ ፈልገው ፈሩ። መጀመሪያ የሳቀው ራሱ ሬይበርን ነው። ኮቱን አውልቆ ለጎታች መኪናው ሾፌር ሰጠው፣ «ያዝልኝ፣ ውድ ነው» አለው፣ ሄዶም በግራ በኩል ካለው የኋላ ጭቃ መከላከያ ላይ ትከሻውን ጣለ። ተማሪ እያለም ቦታው እዚያ ነበር። እኔም የኔን ቦታ ያዝኩ። በስልክ የተጠሩትም ደረሱ፤ ሁለቱ በካልሲ ነበሩ።

እስከ ዳገቱ ግማሽ ደህና ሄድን። ከዚያ ጉልበታችን አለቀ። አትሄድም፣ አትመለስም፤ እግራችንን ተክለን ያዝናት። ያለንበት ቦታ ደግሞ ከማዶኞቹ ቤት ፊት ለፊት ነው። በረንዳቸው ላይ ተሰብስበው ያዩናል።

«ደወሉን ስጡንና እኛ እንሸከማታለን!» አለ አንዱ።

«አክስታችሁ ከበደቻችሁ?» አለ ሌላው። «ክብደት ትቀንስ በሏት!»

እማማ ቨርና ከወንበራቸው ሳይነሱ ዞሩ። «አንተ ቀዩ ጸጉር! ባለፈው ዓመት ሁለት ፓይ ለብቻህ የበላኸው አንተ አይደለህም? ያ ጉልበት የት ገባ?»

«እማማ ቨርና፣ እኛ እኮ ጠላት ነን!»

«ጠላትነታችሁን ሰኞ ትቀጥላላችሁ። አሁን ኑ ግፉ!»

መጡ። ቀዩ ጸጉር ከሬይበርን ጎን ገባ። ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው ሲሰዳደቡ፣ አክስት ሚኒ እየተንቋቋች ዳገቱን ጨረሰች፤ በራሷ በር ገባች። ደወሏን የደወሉት ማዶኞቹ ናቸው። እውነት ለመናገር፣ ማታ ሰርቀውታል።

ቦርዱ ከእራት በኋላ ተቀመጠ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ቶቢን በሩ ላይ ቆመ፤ ፊቱ እንደ ወረቀት ነጥቷል።

«የቆመችው በኔ ምክንያት ነው» አለ። «አሁን ገብቼ አየኋት። ከወንበሩ ሥር አንድ አረንጓዴ የሆነ ነሐስ ነበረ። ማንም ነክቶት አያውቅም። ለመወልወል እንዲመቸኝ አዞርኩት። የቤንዚን መዝጊያ ነው። መንገድ ላይ የሄደችው ሞተሩ አጠገብ ባለች ትንሽ ማጠራቀሚያ ውስጥ በቀረው ነው። ቤንዚን ያላት መስሎን እኮ… አላት፤ እኔ ዘግቼባት ነው።»

የቦርዱ አባላት ተያዩ። እንዲህ ያለ መዝጊያ መኖሩን ከእኛ አንድም ሰው አያውቅም ነበር። ካገኘናት ጀምሮ ክፍት ነበረ፤ ስለዚህም አልታየንም። መጀመሪያ የሳቁት እማማ ቨርና ናቸው። ሳህን ይዘው ማዕድ ቤቱ በር ላይ ነበሩ፤ ሳቃቸው ስላልቆመ ሳህኑን ማስቀመጥ ነበረባቸው።

«ስንት ዓመት ሙሉ የተቀመጥኩበት ነው!» አሉ። «ከመቀመጫዬ ሥር ጎንበስ ብሎ ያየ አንተ ብቻ! አሁን ብሩህ ነው?»

«አዎ እማማ።»

«ፊትህ ይታይበታል?»

«ይታያል።»

«እንግዲህ በወጉ ሠርተሃል። ነገ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሜዳው ላይ እንገናኝ። እስክትነዳት ስድስት ዓመት ይቀርሃል፤ ማርሿን ለመልመድ ግን አይበዛም።»

ሬይበርን ቀኝ ትከሻውን እያሸ ነበር። «ሐሳቤን ትቼዋለሁ» አለ። «ሙዚየሙ ሌላ መኪና ይፈልግ።»

እኔ ጸሐፊ ስለነበርኩ ምክንያቱን ጠየቅሁ።

«ትከሻዬን አመመኝ ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሁ ይነበባል።

ቶቢን በ2018 ሃያ አምስት ሞላው። ከኮሌጁ ወጥቶ እዚሁ ከተማ አስተማሪ ሆኗል። በዚያ ዓመት በዓል እማማ ቨርና ከመሪው ወንበር ወደ ጎኑ ተዛወሩ፤ መንገዱን ሙሉ «ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን!» እያሉ አደነቆሩት። ባለፈው መጋቢት በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው፣ በዚያው በምድር ቤቱ ክፍል አረፉ። በሩ ክፍት ነበር።

በቀብሩ ቀን ቄሱ «ሬሳውን ቤተሰብ ይቅረብና ያንሳ» ሲል ከወንበሮቹ ላይ የተነሳው ሰው ብዛት መተላለፊያውን ዘጋው። ጋዜጠኛው እዚያ ነበር፤ ይህን አልጻፈውም።

በአክስት ሚኒ ጀርባ ላይ አድርገን ወጣን። ቶቢን ነዳ። ዳገቱ ሥር ሲደርስ አቆመ። ጎንበስ ብሎ ከወንበሩ ሥር የሚያበራውን ነሐስ አዞረ፤ ሞተሩ ጥቂት ቆይቶ ጸጥ አለ። ማንም አልጠየቀውም። ካፖርትና ኮት ሁሉ ወለቀ። ቀዩ ጸጉርም፣ አሁን ራሰ በራ ሆኗል፣ ከማዶ መጣ። ቶቢን ሊገፋ ወረደና መሪው ባዶ ሆነ።

ኮሪን ባክስ የምትባል ትንሽ ሴት የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ቆማ ነበር። እማማ ቨርና ሲደክሙ፣ በጥር ወር ነው እሳቸውን ተክታ የቤት እናት ሆና የተቀጠረችው፤ ከእኛ ጋር ገና አልተላመደችም፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ሬይበርን ከጭቃ መከላከያው ተነስቶ ወደ እሷ ሄደ። ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አፉ ግን አሁንም ከሐሳቡ ይቀድማል።

«ይቅርታ እመቤት፣ ኪሎዎት ስንት ነው?»

ደንግጣ አየችው። ከዚያ የሁላችንንም ፊት አየች። ምን እንዳየች አላውቅም። ቦርሳዋን ለእኔ ሰጠችኝና ወጣች፤ ወንበሩ ላይ ተደላድላ መሪውን በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ፍሬኑ የቱ ነው?» አለች።